የአባዬን ሰንጢ ይዤ ቲዬር ሄድኩ

“ሰንጢ” ስላችሁ መጀመሪያ የታያችሁ ምንድን ነው? አልፈርድባችሁም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚታየው ወይ ግፊያ መሃል የተቀደደ ቦርሳ ነው፣ ወይ ጨለማ ውስጥ የቆመ ሰው። እናቴ እስከ ዛሬ ቃሉን ቤት ውስጥ መጥራት አትወድም። “ያ የአባታችሁ ነገር” ነው የምትለው።

ያ የአባታችን ነገር ከመካከለኛ ጣቴ ትንሽ የሚረዝም፣ ጥቁር የቀንድ እጀታ ያለው፣ የሚታጠፍ ቢላዋ ነው። አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ መምህር ነበር። ኮቱን በቀየረ ቁጥር ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የሚዛወሩ ሦስት ነገሮች ነበሩት፦ መሀረብ፣ የቀይ እስክሪብቶና ይህ ሰንጢ። የክፍሉን ልጆች እርሳስ የሚቀርጸው በእሱ ነው። ሸንኮራ ሲመጣ የሚልጠው በእሱ፣ የአዲስ ልብስ ክር የሚበጥሰው በእሱ። እሁድ ከምሳ በኋላ ደግሞ ብርቱካን ይልጥልናል፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥምዝ ሪባን ተንጠልጥሎ ካለቀ ሳምንቱ ጥሩ ይሆናል ብለን እናምን ነበር። እኔና ወንድሞቼ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። አባዬ ደግሞ እያወቀ መጨረሻው ላይ ቀስ ይላል።

ከሁለት ዓመት በፊት እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰንጢው መሳቢያ ውስጥ ገባ። አሁን እሁድ እሁድ ብርቱካኑን እናቴ በወጥ ቤት ቢላዋ አራት ቦታ ከፍላ ታቀርበዋለች፤ አባዬም አመስግኖ ይበላል። ማንም ምንም አይልም።

ግንቦት ላይ መሥሪያ ቤቴ ለአጭር የማርኬቲንግ ሥልጠና ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ሲልከኝ መሳቢያውን ከፍቼ ሰንጢውን አወጣሁት። ምክንያቴ ቀላል ነበር። የአክስቴ ልጅ አግብታ የምትኖረው ከሊዮን በመኪና ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ቲዬር የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። ቲዬር ደግሞ የፈረንሳይ የቢላዋ ዋና ከተማ ናት። ሞላው ደርቆ ለመክፈት ጥፍር ይሰብር ነበርና አሠርቼለት፣ አሳጥቤለት፣ ምናልባትም የማን ሥራ እንደሆነ አጣርቼለት እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። “ውሰጂው” አለኝ አባዬ። “ግን መልሺው።”

ልመልሰው ቀርቶ ይዤው ለመውጣትም ጥቂት ነበር የቀረኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻው ጋ ልደርስ ስል የእጅ ቦርሳዬን ስነካ ጠጣር ነገር አገኘሁ። ትልቁ ሻንጣዬ ገና አልገባም ነበርና እየሮጥኩ ተመልሼ፣ መሀል መንገድ ላይ ሻንጣ ከፍቼ፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ከተትኩት። እናንተም ልብ በሉ፦ የትኛውም ዓይነት ሰንጢ፣ የቁልፍ መያዣ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሿም ብትሆን፣ ቦታዋ በጭነት የሚሄደው ሻንጣ ነው። የእጅ ቦርሳ ውስጥ ከተገኘች ትቀራለች።

ቲዬርን ከሩቅ ስታዩዋት የተሰቀለች ነው የምትመስለው። ተራራው ገደል ላይ ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ፣ ከታች ዱሮል የሚባለው ወንዝ እየጮኸ ይወርዳል። ወንዝ ይበሉት እንጂ በስፋቱ ከእኛ ቀበና ብዙም አይበልጥም። የከተማዋ ዕጣ ፈንታ ግን በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ገደሉ ውሃውን ያፈጥነዋል፤ የፈጠነው ውሃ መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሩ መዶሻና የመሳያ ድንጋይ ያንቀሳቅሳል። አካባቢው ብረት የለውም፤ ከሌላ ቦታ ነው ሲመጣ የኖረው። ያላቸው ውሃ ብቻ ነበር። በዚያው ውሃ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ቢላዋ እየሠሩ አሉ፤ ዛሬም ፈረንሳይ ውስጥ ከሚሠራው ቢላዋ አብዛኛው የሚወጣው ከዚህችና ከአካባቢዋ ነው።

የድሮው ከተማ መንገዶች ጠባብ፣ ዳገትና ደረጃ ናቸው። ልጅ በጋሪ ይዛችሁ ከሆነ ጋሪውን መኪና ውስጥ ተዉት፣ በጀርባ ማዘል ይሻላል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ፣ ግድግዳቸው በእንጨት ማገር የተጠላለፈ ቤቶች አሉ። አንደኛው የሰባቱ ኃጢአቶች ቤት ይባላል። የማገሮቹ ጫፍ ላይ ሰባቱ ዐበይት ኃጢአቶች ሰው ሆነው ተቀርጸዋል፤ የአክስቴ ልጅ ልጆች የትኛው ሆዳሙ የትኛው ሰነፉ እንደሆነ ሲከራከሩ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ስሙ የቢላዋ ሠሪዎች መንገድ የሆነ ጎዳናም አለ። የቢላዋ ሙዚየሙ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ባለሙያ ፊታችሁ ቁጭ ብሎ እጀታና ስለት ሲገጣጥም ታያላችሁ። ከሙዚየሙ በር ግራና ቀኝ ሱቁ ሁሉ ቢላዋ ነው። ሌላው ከተማ ላይ ጫማና ሽቶ የሚደረደርበት መስታወት እዚህ በስለት የተሞላ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ያስደነግጣል፤ ከሦስተኛው ሱቅ በኋላ የእኛን የሽሮ ሜዳ የጥበብ ሱቆች ማስታወስ ጀመርኩ። አንድ ዓይነት ዕቃ፣ ሺህ ዓይነት እጅ።

ምሳ የተጋበዝነው የአክስቴ ልጅ ባለቤት አባት ቤት ነው። ልጆቹ ፓፒ ይሏቸዋል፤ አያት እንደ ማለት ነው። እኔም ፓፒ ብያቸው ቀረሁ። ፓፒ ሰብሳቢ ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ እኛ ስኒ የምንደረድርበት ዓይነት ቁም ሣጥን አለ፤ መሳቢያውን ሲስቡት አረንጓዴ ጨርቅ ላይ የተኙ የኪስ ቢላዋዎች ረድፍ በረድፍ ይታያሉ። የቀንድ፣ የወይራ እንጨት፣ የጽድ እጀታ፤ የወይን ቡሽ መክፈቻ ያለው፣ ለፈረስ ኮቴ የሚሆን ማጽጃ ያለው፣ ለአትክልት መግረዣ ምላሱ እንደ ማጭድ የታጠፈ።

እኔን የገረመኝ ግን መሳቢያው አይደለም፣ ማዕዱ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሹካና ማንኪያ አለ፤ ቢላዋ የለም። ረስተውት መስሎኝ ላነሳ ስል ፓፒ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የራሳቸውን አወጡ። ልጃቸው የራሱን አወጣ። ጎረቤት ሆነው የመጡ ሁለት ሽማግሌዎችም እንዲሁ። የአክስቴ ልጅ ሳትቀር ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ባለ እንጨት እጀታ አውጥታ ዳቦውን መቁረስ ጀመረች። ይህች አዲስ አበባ እያለን ዶሮ ሲታረድ ጓዳ የምትደበቀው ልጅ ናት! በዚህ አገር ገጠር ሰው በድሮ ጊዜ ማዕድ ላይ የሚቀርበው የራሱን ቢላዋ ይዞ ነበር አሉኝ። የቤቱ አባወራ በልቶ ሲጨርስ ሰንጢውን ያጥፈዋል፤ “ጠቅ” የሚለው ድምፅ ሲሰማ ምሳው አበቃ ማለት ነው፤ ሁሉም ይነሳል። ፓፒ ዛሬም እንደዚያው ያደርጋሉ፤ ልዩነቱ አሁን የሚነሳላቸው ሰው የለም።

የአክስቴ ልጅ የያዘችው ኦፒኔል የሚባለውን ነው፤ ምናልባት አይታችሁት ታውቁ ይሆናል። ሳቮዋ በሚባለው ተራራማ አገር ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1890 የጀመረው ነው። አንድ እንጨት፣ አንድ ስለት፣ አንድ ቀለበት። ቀለበቱ ስለቱን ቆልፎ ጣት እንዳይቆረጥ የሚያደርገው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረ ነው። ዋጋው የአንድ ተራ ምሳ ያህል ነው፤ ሰብሳቢ መሆን ለሚፈልግ ሰው ሁሉም መጀመሪያ የሚመክሩት እሱን ነው።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ስለ ላዮል ሳልነግራችሁ አላልፍም። ላዮል ከቲዬር ርቃ፣ በደቡብ በኩል ከብት የሚረባበት አምባ ላይ ያለች መንደር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመንደሯን ስም የያዘ ቀጭን ሰንጢ ወጣላት፤ ዛሬ ሞላው ላይ ዝንብ ወይም ንብ የመሰለ ጌጥ አለው። ሰንጢው በመላ አገሪቱ ዝነኛ ሆነ። ነገር ግን ባለፈው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ሲሠራ የኖረው መንደሯ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ቲዬር ነው። መንደሯ የራሷን ፋብሪካ መልሳ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በመሃል ስሙ ማንም የሚለጥፈው ስም ሆነ፤ ንቧ ያለችበት ርካሽ ቢላዋ ከሩቅ አገር ሁሉ እየመጣ ይሸጣል። ላዮሎች በቲዬሮች ያዝናሉ፣ ቲዬሮች “ስሙን በሕይወት ያቆየነው እኛ ነን” ይላሉ። ምሳ ላይ ይህን ርእስ ማንሳቴ ስህተት ነበር። ቡና እስኪመጣ አላበቃም።

ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ይህች የቢላዋ ከተማ ለዘመናት የሌላውን ሁሉ ቢላዋ ስትሠራ በራሷ ስም የሚጠራ ሰንጢ አልነበራትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው የከተማዋ ሠሪዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ቅርጹን ተስማምተው፣ “ለ ቲዬር” ብለው የሰየሙት። ቅርጹ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ሠሪ ግን በራሱ መንገድ ይሠራዋል፣ ስሙንም ስለቱ ላይ ይመታበታል። ስሙን የሚለውን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወንዙ ወረድን። ሸለቆው ውስጥ የተዘጉ ፋብሪካዎች ከነጭስ ማውጫቸው ቆመዋል። አንደኛው የገሃነም ጉድጓድ ይባላል። የውሃው ጩኸት እንኳን ለገሃነም ለሌላም ይበቃል። ዛሬ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ማሳያ ነው፤ እዚያ ውስጥ ልጆች ሥዕል ያያሉ፣ ከመስኮቱ ሥር ፏፏቴው ይወርዳል።

ከፍ ብሎ ባለው ሸለቆ ውስጥ ግን ሥዕል የለም፤ ስለት ሳዮቹ ይሠሩባቸው የነበሩ ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች ናቸው ያሉት። እንዴት ይሠሩ እንደነበር ሳይ ቆሜ ቀረሁ። ሳዩ አይቀመጥም። ሳንቃ ላይ በሆዱ ይተኛል፤ ፊቱ ከሚሽከረከረው ድንጋይ በላይ ይሆናል፤ ክብደቱን በእጆቹ ላይ ጥሎ ስለቱን ይስላል። ውሃው ከበታቹ ነው፤ ክረምት ከበጋ እርጥብ ነው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። እግሩ በብርድ እንዳይደርቅ ውሻውን እግሩ ላይ ያስተኛዋል። እውነቴን ነው፣ ውሻ! ፎቶግራፉ አለ፦ በረድፍ የተኙ ሰዎች፣ በረድፍ የተኙ ውሾች። ከድንጋዩ የሚረጨው ቢጫ ጭቃ ልብሳቸው ላይ ስለሚደርቅ “ቢጫ ሆዶች” ይባሉ ነበር። መጀመሪያ ለስድብ ይሁን ለቀልድ ማን ያውቃል፤ ዛሬ ግን የአያቱ ስም እንደዚያ የነበረ ሰው በኩራት ነው የሚናገረው። ይህ የአሠራር ዘዴ ሙሉ በሙሉ የቀረው በ1970ዎቹ ነው። አባዬ እርሳስ መቅረጽ ከጀመረ በኋላ ማለት ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ግንቦት ላይ ቲዬር ውስጥ ኩቴሊያ የሚባል የቢላዋ ባዛር ይደረጋል፤ ሠሪዎችና ሰብሳቢዎች ከብዙ አገር ይመጣሉ። አዳራሹ ውስጥ የሰው ብዛት የእኛን የበዓል ዋዜማ ገበያ ነው የሚያስታውሰው፤ ጩኸቱ ግን የለም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይመለከታል። ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶችም አሉ። አባቶች ከልጆቻቸው ጋር መጥተዋል። በኪስ የሚያዙ የድሮ ሰንጢዎችን የሚወዱት ለብቻቸው አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይዘዋል፤ የፓፒ ጓደኞች እነሱ ናቸው።

ወጋቸውን በፍጥነት መማር ነበረብኝ። የሌላ ሰው ሰንጢ ሳይፈቀድላችሁ አትከፍቱም። ከከፈታችሁ ስለቱን በጣታችሁ አትዳስሱም፤ የጣት ላብ ያዝገዋል። ስትመልሱ እጀታውን ወደ ባለቤቱ ታዞራላችሁ። ስትዘጉ ደግሞ በሞላው ጉልበት “ቀጭ” እንዲል አትለቁትም፤ ስለቱ ከውስጥ ሞላውን ነክቶ ሊጎዳ ይችላል፤ በጣታችሁ እየሸኛችሁ ታጥፋላችሁ። ሲከፈትና ሲዘጋ ጆሯቸውን ያቀርባሉ። ጥሩ ሞላ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። ከዚያ ወደ ብርሃን ያነሱታል፤ በሞላውና በእጀታው መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ይነቀንቃሉ።

በመካከላቸውም ሁለት ወገን አለ። አንዱ ወገን ሰብሳቢ ነው፤ ሰንጢው ካልተነካ፣ ካልተቆረጠበት፣ ከነሣጥኑ ከሆነ ይወደዋል። ሌላው ተሸካሚ ነው፤ ለእሱ ኪስ ውስጥ ያልኖረ ሰንጢ ሰንጢ አይደለም። ተሸካሚዎቹ የማይዝገውን ብረት አይወዱም። የድሮውን፣ ፖምና ሎሚ ሲቆረጥበት ወደ ሰማያዊና ግራጫ የሚለወጠውን ነው የሚይዙት። አንዱ ሽማግሌ ስለታቸውን ሲያሳዩኝ ልክ እንደ ደመና የተዥጎረጎረ ነበር። “ይህ የባለፈው በጋ ቲማቲም ነው” አሉኝ እየሳቁ። ፓፒ ከሁለቱም ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ስለዚህ አያምኗቸውም።

“እስኪ ያንን አምጪው” አሉኝ ፓፒ።

ካልሲውን ፈታሁ። አፍሬ ነበር። በሺህ ዩሮ የሚሸጥ ነገር ባለበት ጠረጴዛ ላይ የአባዬ ሰንጢ ትንሽ፣ ያረጀ፣ ስለቱም ከመሳል ብዛት ግማሹ የተበላ ነው። ዝም ብለው ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉት። ስለቱ ሥር የተመታው ማኅተም ተፍቋል። አንዱ በማጉያ መስታወት አይቶ የጀርመን፣ የዞሊንገን ሥራ ነው አለ። ሌላው የእንግሊዝ፣ የሼፊልድ ነው አለ። ፈረንሳይ እንዳልሆነ ግን ሁሉም ተስማሙ፤ እኔም በልቤ እቅዴ ፈረሰ አልኩ። ተከራከሩ፣ ሞላውን በዘይት አጠቡ፣ በቀጭን እንጨት ቆሻሻውን አወጡ። ድንገት “ጠቅ” አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ድምፅ ፈረንሳይ አገር አዳራሽ ውስጥ ሰማሁት። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን የአክስቴ ልጅ አይታ ዞር አለችልኝ።

ከዚያ ፓፒ እጀታውን ወደ ብርሃኑ ይዘው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። “ስለቱን ተዉት” አሉ በመጨረሻ። “ይህ እጀታ ፋብሪካ የገባ አይደለም።” ሁሉም አጎነበሱ። ቀንዱ በእጅ የተሞረደ ነው፤ የመያዣው መሃል ላይ ለአውራ ጣት የሚሆን ስርጉድ አለው። ምስማሮቹ ነሐስ ናቸው፤ ጭንቅላታቸው በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን እየተመታ፣ እየተመታ፣ የሩዝ ፍሬ ያህል ክብ ሆኗል። በቀንዱና በብረቱ መካከል የፀጉር ስስነት ያለው የነሐስ ቅጠል ገብቷል። ምስማሮቹ እንዳይላሉ የገባ ነው። ፓፒ ወደ ብርሃን አነሱት፤ ክፍተት የለም። በአንድ ሰው እጅ፣ ያለ ማሽን። ሰንጢው እንደገና ዙሩን ዞረ፤ አሁን ግን የሚመለከቱት ሌላ ነገር ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ፣ በአዳራሹ ውስጥ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው፣ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳው።

“ማን ነው የሠራው?” አለኝ።

አላውቅም አልኩት።

“አባትሽስ?”

ማታ ሆቴል ገብቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የዚያች ከተማ ሠሪ ሁሉ ስሙን ስለቱ ላይ ይመታል፤ ሙዚየሙ ውስጥ የማኅተሞቹ መዝገብ አለ። የእኛ አገር ቀጥቃጭስ? መርካቶ ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ የሚያወጡት ሰዎች አሉ፤ ገዝቻለሁ፣ እናንተም ወጥ ቤት ውስጥ አንድ አይጠፋችሁም። ስሙን የምታውቁት አለ? አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ስለነበረ ነው። ቀጥቃጭ ማለት ስድብ ነበር፤ ቡዳ ነው ይባል ነበር፤ ሌሊት ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባል ነበር። እርሻው የሚታረሰው እሱ በሠራው ማረሻ ነው። እንደ ማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለ ስምና ስለ ዝና ስንት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ስላለው ዕቃ ሠሪ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ልመለስ ስል ፓፒ ለአባዬ አንድ ሰንጢ ሰጡኝ፤ የወይራ እጀታ ያለው ለ ቲዬር። ልቀበል እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሳቡት። ስለት በነጻ አይሰጥም፤ ወዳጅነትን ይቆርጣል፤ ሳንቲም ክፈይ አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የተገኘው የአንድ ብር ሳንቲም ብቻ ነበር። በደንብ አገላብጠው አዩት፣ አንበሳውን ወደዱት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ተገበያየን።

መሄድ ለምታስቡ ሁለት ነገር ልበላችሁ። ፈረንሳይ ይህን ሁሉ ቢላዋ የምትሠራ አገር ብትሆንም በቂ ምክንያት ሳይኖር ስለት ይዞ አደባባይ መውጣትን ሕጓ ይከለክላል፤ የገዛችሁትን ከነማሸጊያው ወደ ማረፊያችሁ አድርሱት፣ ኪስ ውስጥ ይዛችሁ ሜትሮ አትግቡ። ልጆችን በተመለከተ የአክስቴ ልጅ ልጆች የመጀመሪያ ኦፒኔላቸው ጫፉ ክብ የሆነ ነው፤ አያታቸው ካልተቀመጡ አይከፍቱትም። እኔ ልጅ ሲኖረኝ ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም። እናቴ ወስናለች።

የደረስኩት ቅዳሜ ሌሊት ነው። እሁድ ከምሳ በኋላ አዲሱን ሰንጢ ለአባዬ ሰጠሁት፤ ሳንቲም አስከፈልኩት፤ ሳቀ። ከዚያ የራሱን አውጥቼ ከፈትኩለት። “ጠቅ።” እናቴ ከጓዳ ቀና አለች።

የጠረጴዛውን ነገር ሁሉ ነገርኩት፦ ማጉያ መስታወቱን፣ ክርክሩን፣ ፎቶ ያነሳውን ሰው። ሰንጢውን የገዛው ደሴ፣ የአሰብ ዕቃ ከሚሸጥ ነጋዴ እንደሆነ አስታወሰ፤ ዞሊንገን ይሁን ሼፊልድ ግድ አልነበረውም። እጀታው የተሰበረው ባቲ ሲያስተምር ነው፤ 1960ዎቹ መጨረሻ ላይ። ሰኞ፣ በገበያው ቀን፣ ከከብት ተራው ወዲያ ዳር ላይ የሚቀመጥ ቀጥቃጭ ጋ ወሰደው። ሚስቱ ወናፍ ትነፋለች። ነሐሱን ከጥይት ቀለህ ነው ያወጣው። አባዬ አጠገቡ ቆሞ እስኪጨርስ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቀ። አንድ ብር ከሃምሳ ከፈለ።

“እጄን ለካ” አለኝ። “መጀመሪያ እጄን ይዞ አውራ ጣቴን ለካ። ለዚያ ነው ስርጉዱ።”

ስሙን ጠየቅኩት።

አባዬ ሰንጢውን አጠፈው። በጣቱ እየሸኘ ነው ያጠፈው፤ ማንም ሳያስተምረው። ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ አውራ ጣቱ ግን ስርጉዱን አልሳተም።

“ቀጥቃጩ ነበር የምንለው” አለ። ቆየና ደግሞ፣ “ሚስቱ ቡና አፍልታ ነበር። ሳይንስ አስተምር ነበር እኮ እኔ። አልጠጣሁም።”

እናቴ የብርቱካኑን ሳሕን ይዛ መጥታ ቆማለች፤ አልተቆረጠም። አባዬ አንዱን አንስቶ ከሰንጢው ጋር ለእኔ አቀበለኝ። መላጥ ጀመርኩ። ልጣጩ ግማሽ ላይ ሳልደርስ ተበጠሰ።

“ባቲ የሚሄደው አውቶቡስ” አለ አባዬ፣ “አሁን ከየት ነው የሚነሳው?”